ከበረዶ ቤቱ አጥር ወዲህ

ቻንድፑር፣ ሜይ 9 ቀን 1997

የተከበሩ ብሃይጃን፣

አሰላሙ አለይኩም። ታላቅ ወንድሜ፣ እግርዎን ነክቼ ሰላም እላለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ከረማችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ይህም መኖር ከተባለ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅር ይበሉኝ። የጠየቁኝን ለመመለስ በእርምጃ መለካት ነበረብኝ፤ በጓሮዬ እየቆጠርኩ ስመላለስ ደግሞ የሰው ዓይን አለ።

ከባለቤቴ ከመምህሩ መኝታ መስኮት እስከ በረዶ ቤቱ ሞተር አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ በእርስዎ ስምንት ቢሆን ነው። ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ከሥሩ ጎማም እንጨትም የለውም። ጭስ ማውጫው ወደ እኛ ዞሯል። መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ነው፤ መብራት እስኪመጣ በረዶው እንዳይቀልጥ ያን ሁሉ ሰዓት ይጮኻል። «ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጪና እዪ» ያሉኝን አድርጌዋለሁ። ውሃው ይንቀጠቀጣል። ይህ ምን እንደሚነግርዎ እርስዎ ያውቃሉ።

የመምህሩን ነገር በደብዳቤ እንዴት እንደምጽፈው ይቸግረኛል። ከፌብሩዋሪ ወዲህ ሽባ የሆነው ቀኝ ጎናቸው አልተመለሰም። አርባ ዓመት በአንደበታቸው ያደሩ ሰው፣ አሁን የቀራቸው ድምፅ ማቃሰት ብቻ ነው። ሐኪሙ ትልቁ መድኃኒታቸው እንቅልፍ ነው ብሏል። ሞተሩ ሲነሳ ዓይናቸው ይፈጥጣል፣ ከዚያ ያቃስታሉ፣ እስኪጠፋ ድረስ አያቆሙም።

አሁን ደግሞ ያልጠየቁኝን ልንገርዎ። በረዶ ቤቱን የገዛው ሀጂ ወሊዑላህ ባለፈው ሐሙስ ራሱ ቤቴ መጣ፤ ሁለት ኢሊሽ ዓሣ አስይዞ። «ወንድምሽ ቺታጎንግ ውስጥ የሞተር ጩኸት ያፍናል አሉ። ይምጣና ይኼንንም ያፍንልኝ፤ ላሜራውን እኔ እችላለሁ» አለኝ። ሀጂ በነጻ ዓሣ የሚያስይዝ ሰው አይደለም። የአባታችንን ግቢ ከመጣ ጀምሮ በዓይኑ ሲለካው አይቻለሁ። ዓሣውን ሠራሁት፤ ግን ሳልጨርሰው ተውኩት።

ሞተሩን የሚጠብቀውም ኪታብ አሊ የሚባል ከወንዙ ደሴቶች የመጣ ሰው ነው። ዝምተኛ ነው። የናፍጣ በርሜሉ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቢዲውን ያጨሳል። እንዲህ ያለ ሰው አይታመንም።

ታናሽዎ ዲልሩባ

—

ቺታጎንግ፣ ሜይ 17 ቀን 1997

ዲሉ እህቴ፣

ወአለይኩም ሰላም። ለመምህሩ ዱዓ አድርጌያለሁ፤ ከዱዓውም ጋር ላሜራ እየቆረጥኩ ነው።

ስልክ ለምን አልደወልክም ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። ሃያ ዓመት በመርከብ ሞተር ክፍል ስሠራ ግራ ጆሮዬ እዚያው ቀርቷል፤ የቀኙም ግማሹ ነው ያለው። ስልክ ሳነሳ የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው። «ደንቆሮው ጩኸት ያፍናል» እያሉ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። እኔ የምሠራው በመዳፌና በመለኪያው መርፌ ነው፤ ሁለቱም ሰው አያሙም።

የብርጭቆው ውሃ የነገረኝ ይህን ነው፤ የሚያስጨንቃችሁ ድምፅ እኩሌታው በአየር የሚመጣ አይደለም። ከሲሚንቶው ወደ መሬት፣ ከመሬት ወደ ቤታችሁ መሠረት፣ ከዚያም ወደ አልጋው እግር ይወጣል። ለዚህ ግድግዳ ብትሠሪለት ከንቱ ነው፤ ሞተሩ ወፍራም ጎማ ላይ መቀመጥ አለበት። በጭስ ማውጫው የሚወጣውን ትልቅ ማርሚታ ይውጠዋል። ከሰውነቱ የሚወጣውን ደግሞ በላሜራ ሣጥን እንከድነዋለን፤ ውስጡን እሳት የማይዘው የድንጋይ ጥጥ እናለብሰዋለን። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ሞተር ይተነፍሳል። ቀዝቃዛ አየር በአንድ በኩል መግባት፣ ትኩሱ በሌላ በኩል መውጣት አለበት። አፉን እንይዘዋለን እንጂ አፍንጫውን አንደፍነውም። የሚተነፍስበት ቀዳዳ ድምፅም ስለሚያወጣ፣ ፍርግርጎቹን ከእናንተ አርቄ ወደ መንገዱ አዞራቸዋለሁ። ይህን ቃል ገብቼልሻለሁ።

ሀጂን በክፉ አትመልከቻቸው፤ ነጋዴ ናቸው፣ ነጋዴ ደግሞ ጎረቤቱ እንዲጮህበት አይፈልግም። በደብዳቤሽ ጠርዝ በእርሳስ ጽፈሽ የሰረዝሽውን ጥያቄ አንብቤዋለሁ። ከእሳቸው ጋር ቀድሞ መጻጻፌን አለመጻጻፌን ስመጣ በቃል እነግርሻለሁ። ኪታብ አሊ ያልሽው ሰውዬ ከናፍጣው ራቅ ብሎ እንዲያጨስ ንገሩት።

በጁን መጀመሪያ እመጣለሁ።

ወንድምሽ ሞታሌብ

—

ቻንድፑር፣ ጁን 22 ቀን 1997

የተከበሩ ብሃይጃን፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከሄዱ ዘጠኝ ቀን ሆነ። በሚሄዱበት ቀን ጣቢያ ድረስ ሳልሸኝዎ በመቅረቴ ይቅር ይበሉኝ። ራሴን አሞኛል ያልኩት ውሸት ነበር፤ ተቆጥቼ ነው።

«ሥራው እንዴት ሆነ፣ እውነቱን ጻፊልኝ» ብለዋል። እውነቱ ይህ ነው። የብርጭቆው ውሃ አይንቀሳቀስም። ያ ደረት የሚደልቀው ድምፅ ማርሚታው ውስጥ ቀርቷል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት መምህሩ ከዙህር ሶላት እስከ አስር ሶላት ተኙ። ጎረቤታችን ጆሽና በአጥሩ ብቅ ብላ «ሞተሩ ተሸጠ እንዴ?» አለችኝ። እጅዎን አላህ ይባርክ።

ግን ሙቀቱ ሲብስ ሌላ ድምፅ መጣ። በፍርግርጉ በኩል ነው። እንደ ሩዝ መፈተጊያ ይሻክራል፣ ከሥሩም ብረት ብረትን ሲፍቅ የመሰለ አለበት። መምህሩ እንደገና ማቃሰት ጀምረዋል። በፊት ያለማቋረጥ ያቃስቱ ነበር፤ አሁን ፋታ ያገኙና ገና ሸለብ ሲያደርጋቸው ይነቃሉ። ይህ የባሰ ነው፤ ተስፋ ሰጥቶ መንሳት።

ብሃይጃን፣ ፍርግርጉ ለምን ወደ እኛ ዞረ? ወደ መንገዱ ነው ብለውኝ ነበር። የአጥራችንን ጡብ ሲያስነሱ «ሲያልቅ ይመለሳል» አሉኝ፤ አሁን እዚያ ክፍተት ላይ የሞተሩ አፍንጫ ተደግኖብኛል። በሩ ላይ ቆመው ሳሉ ጠይቄዎት ነበር። ጆሮዎን እያሳዩ አልሰማሁሽም አሉኝ። ወንድሜ የማይሰማው መስማት ያልፈለገውን ነው፣ ትል ነበር እናታችን።

በመጨረሻው ቀን በሀጂ በረንዳ ላይ ሻይ ሲጠጡ አይቼዎታለሁ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ነበር። ምን ላይ ነው የፈረሙት?

ዲልሩባ

—

ቺታጎንግ፣ ጁን 30 ቀን 1997

ዲሉ፣

የሥራ ወረቀት ነው የፈረምኩት። ሰው ሥራ ሲጨርስ ተረክቤያለሁ፣ አስረክቤያለሁ ብሎ ይፈርማል። ሻይ መጠጣትም ወንጀል አይደለም።

የፍርግርጉ ነገር ጊዜያዊ ነው። በመንገዱ በኩል የሀጂ የበረዶ ጋሪዎች ተደርድረው ስለሚቆሙ አየሩ ይዘጋል። አሁን ፍርግርጉ ፊት የሚገጠም ጠማማ መተላለፊያ እየሠራሁ ነው፤ በውስጡ ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ፣ በጥጥ የተለበጠ። አየር በመታጠፊያው ያልፋል፤ ድምፅ ግን ግድግዳ ለግድግዳ እየተጋጨ ይደክማል። ከሚፈርሱት መርከቦች ጥሩ ላሜራ እስኪመጣልኝ ድረስ ነው። ዝናቡ የባሕሩን ዳርቻ ጭቃ አድርጎታል፤ እስከ ጁላይ መጨረሻ ታገሺኝ።

እስከዚያ አንድ አደራ። ፍርግርጉ ፊት ምንም ነገር አታቁሙ። ልብስ አይሰጣበት፣ ቅርጫት አይደገፍበት፣ የሙዝ ቅጠል እንኳ አይለጠፍበት። በዚህ ሙቀት ያ ሞተር ሩብ ሰዓት ትንፋሽ ካጣ ምን እንደሚሆን ልነግርሽ አልፈልግም።

መምህሩን እጃቸውን ያዢልኝ።

ሞታሌብ

—

ቻንድፑር፣ ጁላይ 26 ቀን 1997

የተከበሩ ብሃይጃን፣

የእሳቱን ነገር ከእኔ መስማት ይገባዎት ነበር፤ የሀጂ ቴሌግራም ስለቀደመኝ ይቅር ይበሉኝ።

የሞተ የለም። እኛም ቤቱም ደህና ነን፤ ከመስኮቱ መዝጊያ አንዱ ተለብልቧል። የሆነው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። የጎማ ቱቦ ፈንድቶ ዘይቱ ትኩሱ ብረት ላይ ተረጨ ይላሉ። ኪታብ አሊ እሳቱ ውስጥ ገብቶ የናፍጣውን ቧንቧ ዘጋ። ሁለቱም እጆቹ እስከ ክርኑ ድረስ ተቃጥለዋል። ያን ባይዘጋ በርሜሉ እኛንም ይዞ ይሄድ ነበር ይላሉ። በረዶው ቀልጦ የሁለት ጀልባ ኢሊሽ ተበላሸ፤ መንገዱ በሙሉ ይሸታል።

«ምን አየሽ?» ብለው በቴሌግራም ጠይቀውኛል። ምንም አላየሁም። የሀጂ አማች ዞሮ ሁሉንም ጎረቤት ጠይቋል፤ እኔንም ጠየቀኝ። ኪታብ አሊ በርሜሉ አጠገብ ያጨሳል ወይ አለኝ፣ ያጨሳል አልኩት። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ረቡዕ ዕለት ከሥራ አባረሩት።

አሁን እኔም ልጠይቅዎ። ለትኩሱ አየር ሁለት ማራገቢያ አደርጋለሁ ብለውኝ ነበር፤ ከተቃጠለው ሣጥን ውስጥ ያወጡት አንድ ብቻ ነው። ሰዉ «ሣጥኑ ምድጃ ነበር» እያለ ነው። እኔ አላልኩም፤ ሰዉ ነው የሚለው።

መምህሩ ደህና ናቸው። ሞተሩ ስለሌለ ይተኛሉ።

ዲልሩባ

—

ቺታጎንግ፣ ኦገስት 2 ቀን 1997

ዲልሩባ፣

ምድጃ አልሠራሁም። አንዱ ማራገቢያ የሁለቱን ሥራ የሚሠራ ነው፤ ከመርከብ የወጣ ነው፣ ክንፉ የክንዴን ያህል ነው። ሞተሩ ሙሉ ጭነት ይዞ ግማሽ ቀን ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ ሙቀቱን ለክቼዋለሁ። ያ ሣጥን በራሱ አይቃጠልም።

ሀጂ የጉዳቱን ምክንያት መርምሬ እንድጽፍላቸው ጠይቀውኝ ነበር። ያየሁትን አይቻለሁ። ለእሳቸው «ምክንያቱ አልተለየም» ብዬ ጽፌያለሁ። ለአንቺ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ማክሰኞ ዕለት ሞተሩ ከተነሳ በኋላ፣ ከአጥሩ ወዲህ፣ ፍርግርጉ ፊት ምን ነበር?

ያገኘሁትን አልጽፍም። አንቺ ጻፊ።

ሞታሌብ

—

ቻንድፑር፣ ኦገስት 10 ቀን 1997

ብሃይጃን፣

ያየሁትን አይቻለሁ ይላሉ። መቼ አዩት? ጆሽና ነች የነገረችኝ፤ ጁላይ 29 ማክሰኞ ዕለት በጧቱ ባቡር መጥተው፣ አመዱን በእጅዎ ሲያገላብጡ ውለው፣ በማታው ባቡር ተመለሱ። ከእህትዎ በር ስምንት እርምጃ ርቀው ቆመው አላንኳኩም። እኔ እዚያ ውስጥ ሆኜ ለመምህሩ ሩዝ እያጎረስኩ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለባዕድም አይደረግም።

እርስዎ ስላላንኳኩ እኔ ሀጂ ጋ ሄድኩ። የፈረሙት ወረቀት ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ሳይደብቅ መሳቢያውን ከፍቶ አሳየኝ። «የአጥሩ ጡብ ተነሥቶ የሞተሩ አየር መግቢያ ወደ ግቢያችን እንዲከፈት እኛ ወራሾች ተስማምተናል» ይላል። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ። የእኔ ስም የሚጻፍበት ቦታ ነጭ ነው። «ወንድምሽ አንቺን እንደሚያስፈርምሽ ነግሮኝ ነበር» አለኝ ሀጂ፣ እየሳቀ እንኳ አይደለም። በምትኩ የሁለቱ ሌሎች በረዶ ቤቶቹ ሞተሮች ሥራ ለእርስዎ ነው። የሥራ ወረቀት ያሉት እውነት ነበር፤ ሥራው የእርስዎ፣ ጩኸቱ የእኛ።

እርስዎ «እሳቸው» እያሉ ሲያከብሩት የነበረው ሰውዬ ከእርስዎ ይልቅ እውነቱን ነገረኝ። ሌላ የምጠይቅዎ የለም። እርስዎም አይጠይቁኝ።

የኪታብ አሊ ሚስት ጡብ ቤት ገብታ ጡብ እየሰበረች ነው ይላሉ። ይህን ለምን እንደጻፍኩልዎ አላውቅም።

ዲልሩባ

—

ቺታጎንግ፣ ኦገስት 19 ቀን 1997

ዲሉ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ፈርሜያለሁ። ወርክሾፑ ከጃንዋሪ ጀምሮ ሥራ አልነበረውም። ሀጂ ገና በማርች፣ ዓሣ ይዘው ወደ አንቺ ከመምጣታቸው በፊት ጽፈውልኝ ነበር። ጋሪዎቹን ከመንገዱ ማንሳት አልፈለጉም፤ ፍርግርጉ ወደ ግቢያችን ከዞረ ሌሎቹንም ሞተሮች እሰጥሃለሁ አሉኝ። ድምፁ በዚያ በኩል እንደሚወጣ አውቅ ነበር። መርፌው አሳይቶኛል። ቆይቼ መተላለፊያውን እገጥማለሁ፣ ሳትጎዳ ትዳናለች፣ ብዬ ራሴን አታለልኩ። በሩ ላይ ስትጠይቂኝም ሰምቼሻለሁ። በቀኙ በኩል ነበርሽ። ደንቆሮነቴን የተደበቅሁበት የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም፤ በአንቺ ላይ ግን የመጀመሪያው ነው። ይቅር በዪኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም።

አሁን ያላንኳኳሁበትን ምክንያት ልንገርሽ። በፍርግርጉ ክንፎች መካከል ተጠምዶ የተረፈ የጨርቅ ቁራጭ አገኘሁ፤ አራት ጣት ይሆናል። ማራገቢያው ስቦት ነው። ከአሮጌ ሳሪዎች ተደርቦ የተሰፋ ብርድ ልብስ ቁራጭ ነው። ስፌቱን አየሁት። በየሰባት ስፌቱ ወደ ኋላ መልሶ የሚወጋ እጅ በቻንድፑር አንድ ብቻ ነው፤ እናታችን ስትቆጣሽ አይቻለሁ። ቁራጩን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። በርሽን ባንኳኳ ፊትሽን አያለሁ፣ ፊትሽን ካየሁ አውቃለሁ፤ ማወቅ ስላልፈለግሁ ወደ ባቡሩ ሄድኩ።

«ምክንያቱ አልተለየም» ብዬ የጻፍኩት አንቺን ለማዳን ነበር። ግን ምክንያቱ ካልታወቀ ጥፋቱ ኪታብ አሊ ላይ ይቀራል። ሳስበው ከረምኩ። የእኔን ፊርማና የአንቺን ጨርቅ አንድ የተቃጠለ ሰው ተሸክሞልን ይሄዳል።

ማን እንደሰቀለው አልጠይቅሽም። እሱ እንዳልሰቀለው ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ሞታሌብ

—

ቻንድፑር፣ ኦገስት 31 ቀን 1997

የተከበሩ ብሃይጃን፣

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ነኝ የሰቀልኩት።

ያን ቀን መብራት ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። መምህሩ ሲያቃስቱ ቆዩና ማልቀስ ጀመሩ። ከታመሙ ወዲህ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ በአንድ ዓይናቸው ብቻ ነው እንባው የሚወርደው። ከእግራቸው ሥር ብርድ ልብሱን አነሳሁና ወጣሁ። አደራዎን አስታውሼ ነበር፤ ረሳሁ አልልዎትም። ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው አልኩ። ከጡቡ ክፍተት ላይ በሁለት ድንጋይ አስይዤ አወረድኩት። ማራገቢያው ራሱ ሳብ አድርጎ ለጠፈው። ድምፁ ተቆረጠ። ገብቼ ሳይ ዓይናቸውን ከድነዋል። እኔም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ እንቅልፍ ወስዶኝ የነቃሁት ሰው ሲጮህ ነው። በግርግሩ ከጡቡ ላይ የቀረውን ጎትቼ ምድጃዬ ውስጥ ጨመርኩት። የሀጂ አማች ሲመጣ ጭሱ ገና ከእጄ አልለቀቀም ነበር። ስለ ኪታብ አሊ ማጨስ ሲጠይቀኝ አላህ ያመጣልኝ በር መሰለኝና ገባሁበት።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀን ሀጂ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። አላመነኝም። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ወንድምሽ ነው ያስተማረሽ?» አለኝ። የእርስዎ ሣጥን ስሙ እንዲነጻ፣ ሌሎቹም ሞተሮች እንዳይቀሩብዎ፣ ጥፋቱን ወደ ራሴ የወሰድኩ መስሎታል። አማቹም «የእህትና የወንድም ጨዋታ ነው» አለ። ስዋሽ ወዲያው ያመኑኝ ሰዎች እውነት ስነግራቸው ተጠራጠሩኝ። ኪታብ አሊንም አይመልሱትም፤ እጅ የሌለው ሰው ለሞተር ምን ያደርጋል ይላሉ።

ከዚያ ኪታብ አሊ ቤት ሄድኩ። ከግድቡ ወዲያ፣ ከጡብ ቤቱ ጀርባ ነው የሚኖረው። ሚስቱ በሩ ላይ ነበረች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ መንገዱን አልለቀቀችልኝም፣ እሱ ከውስጥ «አስገቢያት» ሲል ነው ጥግ የያዘችው። እጆቹ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ጉልበቱ ላይ ተቀምጠዋል። ቆሜ ነገርኩት። መሬቱን እያየ ሰማኝ። ስጨርስ፣

«አይቼው ነበር፣ አፓ፣ እህቴ» አለኝ።

ምኑን አልኩት።

«ብርድ ልብሱን። ምሳዬን በልቼ ስመለስ አየሁት። አየሩን በመዳፌ ለማየት በግቢሽ በኩል ዞሬ ስመጣ ተሰቅሏል። ላነሳው እጄን ሰድጄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላነሳኸውም?»

«ማቃሰቱ አልነበረም። ከተቀጠርኩ ጀምሮ ያን ማቃሰት ስሰማ ነው የምውለው፤ እናንተ ሞተሩን ትሰማላችሁ፣ እኔ እሳቸውን። ዝም አሉ። ሞቱ እንዴ ብዬ ጠጋ አልኩ። ከሞተሩ ድምፅ ሥር ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ። ትንሽ ይተኙ አልኩ። አንድ ቢዲ አጭሼ እስክጨርስ ይተኙ፣ ከዚያ አነሳዋለሁ አልኩ። ከበርሜሉ ራቅ ብዬ ነው ያጨስኩት። ቢዲዋ አላለቀችም።»

ለምን ለሀጂ እንዳልተናገረ ጠየቅሁት። ዓይኑን ያነሳው ያን ጊዜ ነው።

«ብናገር ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ፣ አይተህ ለምን ተውከው ይሉኛል። እሳቸው ስለተኙ ብዬ ልመልስ?»

ይቅርታ ለመንኩት። አልተቀየምኩም ብል እዋሻለሁ አለኝ። ሚስቱ ስትረግመኝ እንደከረመች፣ እሱም እንዳልከለከላት፣ ወደፊትም እንደማይከለክላት ነገረኝ። ሚስቱ ጥጓን እንደያዘች ሰማችን። ስወጣ ግን ዝናብ ነበርና ጃንጥላዋን ሰጠችኝ፤ «መልሺው» ብላ።

በነጋታው ጃንጥላውን መለስኩ፤ ሩዝና ምስርም ይዤ። ጃንጥላውን ተቀበለች፣ ሩዙን ደጅ ተወችው። ሄድ ብዬ ዞሬ ሳይ ወደ ውስጥ ስታስገባው ነበር።

ብሃይጃን፣ የጻፍኩልዎትን ሁሉ ለሀጂም ይጻፉለት። እኔ ላይ የቀረ ነገር አለ፤ እርስዎም ላይ አለ።

ዲልሩባ

—

ቺታጎንግ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1997

ዲሉ፣

ለሀጂ ጽፌያለሁ። ፊርማዬን አንስቻለሁ። የጨርቁን ቁራጭም ፖስታው ውስጥ ከትቼ ልኬላቸዋለሁ፤ በፍርግርጉ ክንፍ ላይ ያገኘሁበትን ቦታ በሥዕል አድርጌ። ለሌሎቹ ሁለት ሞተሮች ሌላ ሰው ፈልገዋል። ይሁን። አዲሱን ሣጥን ግን እኔው እንድሠራ አሳሰቡኝ፤ ፍርግርጉ ወደ መንገዱ፣ ጋሪዎቹ ከበሩ ወዲያ። እንዳመኑኝ አልጻፉም። ሌላ ሰው ከሚሠራው አንተ ጥፋትህን ብታርም ይረክስልኛል ነው ያሉት። ከእሳቸው ይህ ብዙ ነው።

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ። አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ያ ሰው ከሚሠራ ሞተር ሥር የተኛ ሰው ትንፋሽ ለይቶ ሰማ። ዲሉ፣ እኔ ይህን ሙያ የምሠራው ያለ ጆሮ ነው። መርፌው ስንት እንደሚጮህ ይነግረኛል፤ የቱ ድምፅ ሰው እንደሚያስለቅስ አይነግረኝም። ያን ፍርግርግ ወደ እናንተ ሳዞር መርፌው የፈቀደልኝ መስሎኝ ነበር።

ኪታብ አሊ መፍቻ የሚይዝበት እጅ ላይኖረው ይችላል። እኔ የምፈልገው በሰው መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ «ይህ ያስተኛል፣ ይህ አያስተኛም» የሚለኝን ሰው ነው። በየሄድኩበት አብሮኝ ይሄዳል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ እንዲያ ከመሰለው እምቢ ይበል። ከሚስቱ ጋር ይምከር። እምቢ ቢልም እኔ ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን በጧቱ ባቡር እመጣለሁ፣ በመጀመሪያ የማንኳኳው የአንቺን በር ነው።

ሞታሌብ

—

ቻንድፑር፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1997

የተከበሩ ብሃይጃን፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። መምህሩ ትናንት ስሜን ሊጠሩ ሞክረው ግማሹን ተናገሩት። «ዲል» አሉ። ስለ ጤናቸው ሌላ የምጨምረው የለም፤ ይህ በቂ ነው።

ደብዳቤዎን ለኪታብ አሊ ካለው ሳልቀንስ አነበብኩለት። ሚስቱም መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ሰማች። «ቺታጎንግ ሩቅ ነው፣ የማይሰማ ሰው ደግሞ ሲጠሩት አይመጣም» አለች። እሱ ግን የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ወንድምሽ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው?»

ምን ልበለው? ከዚህ በኋላ ለዚህ ሰው መዋሸት አልችልም።

«አንዳንዴ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። መልሱ ደስ ያለው መሰለኝ። ሐሙስ ጧት ጣቢያው ላይ ቆሞ፣ ከባቡሩ የሚወርድ ሰው መኖሩን በዓይኑ እንደሚያይ ንገሪው ብሎኛል።

ዲልሩባ